ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው

ሰኞ 3

አይደለም ጋሼ! ይሄ ሰበብ አይባልም። ሰው ሥራው ላይ የሚያስቸግረውን ነገር ሲናገር ሰበበኛ ከተባለማ እርስዎ አንደኛ ነዎት። የስቲከር መቁረጫ ማሽኑ ምላጭ ሲዶለዱም ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጩ አይደል የሚውሉት? ታዲያ እኔ የመሣያ ፕሮግራሙ ሲንቀራፈፍብኝ ለምን ዝም እላለሁ?

ደግሞ ሰው ፊት "ክብሪት" አይበሉኝ። ከዚያ ወዲያ ያ በዲግሪው የሚመጻደቀው ዲዛይነር፣ ዲግሪው፣ "እሳት አደጋ ልጥራ?" እያለ ሲገለፍጥ ዋለ።

ደብተሩን ግን ተቀብያለሁ። እንዳሉኝ ሠላሳ ቀን እጽፋለሁ፤ ምን እንዳናደደኝ፣ ምን እንዳላናደደኝ። መጨረሻ ላይ አንብበው ይፈርዳሉ። አለቃ በወሩ መጨረሻ ለኔ ወንበር አንድ ፕሮግራም ይገዛል፣ እኔ የመረጥኩትን። ምርጫዬ ካላዋጣ ደግሞ "ልምምድሽ አልቋል፣ ደህና ሁኚ" ነው። ስለዚህ ቀልድ የለም።

ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ናቸው። ስማቸው ስለሚረዝምብኝ እኔ ስም አውጥቼላቸዋለሁ። ዲግሪው የሚሠራበት "ኪራዩ" ነው፤ በወሩ ካልተከፈለው በሩን ቆልፎ የገዛ ሥራህን አላሳይም የሚል አከራይ። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን የተማርኩበት "ነጻው" ነው። ምንም አይጠይቅም፣ ደስ ሲለው ግን ድርቅ ይላል። ሦስተኛው "አንዴው"፣ አንዴ ተከፍሎ የሚገላገሉት። ዛሬ የሱን ሙከራ ጫንኩት። 30 ቀን ይቀራል ይላል ጥግ ላይ። እኔንም እንደዚያ ጥጌ ላይ ቢጽፉብኝ ጥሩ ነበር።


ረቡዕ 5

ቸኩያለሁ። ነጻው ሁለቴ ደረቀ። አንዴው አልደረቀም፤ ግን ቁልፎቹ ሌላ ስለሆኑ ጣቴ እንደ ሰካራም ነው የሚሄደው።

ጋሼ መስመር ሲሣል ከነጥቡ ግራና ቀኝ የሚወጡትን ሁለት ማጠፊያዎች "ጢም" ነው የሚሏቸው። "ጢሙን ጎተት አድርጊው፣ መስመሩ ራሱ ይታጠፍልሻል።" ዲግሪው ሳቀ። "ትክክለኛ ስማቸው እኮ እሱ አይደለም" አለ። ስማቸውን ያውቃል፣ ክብ መሥራት ግን አይችልም። የሱ ክብ ድንች ነው።

ይሄንኑ ነገርኩት። "ዲግሪ አለኝ" አለኝ። "ቴርሞሜትርም አለው" አልኩት።

ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ የሚስቁት እንዳይታይ ዞረው ስቲከር መጠቅለል ጀመሩ። አየሁዎት!


ቅዳሜ 8፣ ማታ

ዛሬ ቤት ዋልኩ። እማ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎናችን ግማሹ ጨርቅ ነው። የአንዷን ደንበኛ እጅጌ ስትቆርጥ ሁለቱንም የግራ አደረገቻቸው። ሁለቱንም! ቁጭ ብላ አየቻቸው፣ አየቻቸው፣ ከዚያ ስልኳን አነሳች። "እህቴ፣ እጅጌሽን አበላሽቼዋለሁ። ጨርቁን ገዝቼ እተካለሁ፣ ሁለት ቀን ስጪኝ።" ሴትዮዋ ስትጮህ እኔ ያለሁበት ድረስ ይሰማል። እማ "ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ" ብቻ። ዘጋችና ሻይዋን ጠጣች።

"ምን አስቸኮለሽ? ጨርቁ ተንሸራተተብኝ አትያትም ነበር?" አልኳት።

"አንቺ ብትሆኚ መቀሱን ፍርድ ቤት ታቆሚው ነበር" አለችኝ።

ኋላ ደግሞ ጎረቤታችን መጣችና እኔ የሌለሁ መስሏት ለምን ትምህርት እንዳቆምኩ ጠየቀቻት። እማ ምን ብትላት ጥሩ ነው? "ደብተሯን ቀዳ ጥላ ወጣች።" ውሸት! የቀደደው የፊዚክስ አስተማሪው ነው። እሱ ነው መጀመሪያ የያዘው፣ እኔ ስጎትተው ተቀደደ። ባይዘው አይቀደድም ነበር። ስለዚህ እሱ ነው።

ወደ ሥራችን። በሳምንቱ ውስጥ ያንኑ አንድ ወፍ በሦስቱም ሥዬ ነበር። ኪራዩን ዲግሪው ምሳ ሲወጣ ነበር የነካሁት፤ አይንገሩብኝ። ኪራዩ ላይ ክንፉ በአራት ነጥብ አለቀ። አንዴው ላይም በአራት። ነጻው ላይ በዘጠኝ። እርስዎ ጥሩ መስመር በነጥቡ ማነስ ይታወቃል ይላሉ፤ ስለዚህ ነጻው ተሸነፈ ማለት ነው። ግን ደግሞ የነጻውን ወፍ መጨረሻ ላይ ሳየው እሱ ነው ሊበር የደረሰው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ተናደድኩ፣ ዘጋሁት።


ማክሰኞ 11

አለቃ የኔን መረጠ!!!

አዲስ ለሚከፈተው ክሊኒክ የመስታወትና የግድግዳ ጽሑፍ። ዲግሪው ሦስት ናሙና አቀረበ፣ እኔ አንድ። አለቃ አገላብጦ አየና "የልጅቷ ይሻላል፣ ታማሚ አያስደነግጥም" አለ። ዲግሪው ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዋለ።

የሚሠራው በብርማ ስቲከር ነው፣ በትዕዛዝ የሚመጣው። ጥቅልሉን ጋሼ እንደ ሕፃን ታቅፈው አስገቡት። "ይሄ ከተበላሸ ሁለት ሳምንት ነው የሚያስጠብቀን፣ እንግዲህ ተጠንቀቂ" አሉኝ።

22 ቀን።


ሐሙስ 13፣ ማታ

ፊደሎቹን በነጻው እየሠራሁ ነው። በመጨረሻ እጄ የሚያውቀው እሱን ነው። እያንዳንዱን ፊደል በአንድ መስመር ነው የምሥለው፣ ልክ በእስክሪብቶ እንደሚጻፍ፤ ከዚያ መስመሩን አወፍረዋለሁ፣ ጫፉን ክብ አደርገዋለሁ። ሲያዩት ጣት ይመስላል። ታማሚ የማያስደነግጠው ለዚያ ነው።

ጋሼ ከኋላዬ ቆመው አዩ። ድሮ ይሄ ማሽን ሳይመጣ መሰላል ላይ ወጥተው በብሩሽ ነበር የሚጽፉት፤ ሃምሳ ዓመታቸው ላይ ነው ማሽኑን የተማሩት። "ጥሩ እጅ አለሽ" አሉ። ከዚያ ወዲያው አበላሹት፦ "ግን ይሄ የምታይው ሥጋው ነው። ማሽኑ ሥጋ አያይም፣ አጥንቱን ብቻ ነው የሚከተል። ውፍረቱን ወደ ቅርጽ ሳትለውጪ፣ አጥንቱንም ሳታዪ እንዳትልኪ።"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"እንደምታውቂማ አውቃለሁ። ታዪዋለሽ ወይ ነው።"

እንዴ! ስንቴ ነው የሚነገረኝ? አንድ ቁልፍ እኮ ናት። ስትጫን ቀለሙ ሁሉ ይጠፋና ቀጭኑ መስመር ብቻ ይቀራል። አጥንት አጥንት አጥንት። ሰውዬው የአጥንት ሐኪም መሆን ነበረባቸው፣ ክሊኒኩ ይቅጠራቸው።


ሰኞ 17

ነጻው ጉድ ሠራኝ።

አሥራ ሁለት ሜትር። ሙሉው ብርማ።

አሁን አልጽፍም።


ማክሰኞ 18

እሺ፣ የሆነውን ልጻፍ። በተራ።

ፋይሉን ላክሁ። ጋሼ ማሽኑን አስነሱ። መስታወት የጫነ መኪና መጣና አለቃ "ኑ አግዙ" ሲል ወጡ። ሲመለሱ ማሽኑ ጨርሷል። ትርፉን ለመላጥ ጫፉን ያዙ፣ ሳብ አደረጉ፤ ሁሉም አብሮ ተነሳ። ፊደል የለም። ቀጭን ቀጭን ጭረት ብቻ ነው ያለው፣ ከዳር እስከ ዳር። ድመት የቧጨረችው ነው የሚመስል።

ጋሼ መነጽራቸውን አውርደው አዩ፣ መልሰው ሰቀሉ።

አለቃ ነጋዴ ነው፤ ፋይልና ፎቶ አይለይም። ስቲከሩን ግን ይለያል። "ማነው ማሽኑን ያስነሳው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ።

"ሳያዩ?"

"ሳላይ።"

ዲግሪው ከወንበሩ ሳይነሳ "ዓይን እኮ ይደክማል" አለ፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሁሉ። አለቃም ያንን ቃል አነሳ። "ዓይንዎ ደክሟል ጋሼ። ቤትዎ ይረፉ፣ እስክጠራዎት።" "እስክጠራዎት" ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የመነጽራቸውን ማኅደርና የራሳቸውን መቁረጫ ቢላ ኪሳቸው ከተቱ። በሩ ጋ ሲደርሱ አዩኝ። በአፋቸው አልተቆጡም።

ምን ልበል? የተጠየቀው ማን አስነሳው ነው። ያስነሱት እሳቸው ናቸው። እኔ አልተጠየቅሁም።

ጥፋቱ የነጻው ነው። ስክሪን ላይ ወፍራም አድርጎ እያሳየ ቀጭን ላከ። ይሄ ማጭበርበር ነው። በቃ፣ ከውድድሩ ወጥቷል። ይሄ ደብተርም ከእንግዲህ የኔ ብቻ ነው፣ ለማንም አላሳየውም።


ሐሙስ 20

ማየት እኮ የሳቸው ሥራ ነው። ማሽኑ የሳቸው ነው። ሁልጊዜ ራሳቸው አይተው ነው የሚያስነሱት። ያን ቀን ለምን አላዩም?

"አጥንቱን አይተሻል?" አሉኝ። "አይቻለሁ፣ ይቁረጡት በቃ!" አልኩ።

ማየትማ አይቻለሁ። ፊደሎቹን አይቻለሁ። ወፍራም ነበሩ።

እማ ምን ሆነሽ ነው የማትበይው አለችኝ። በላሁ አልኳት። "ዳቦው እንዳለ ነው እኮ" አለች። ዳቦ እንኳ ይመሰክርብኛል።


ቅዳሜ 22

ማሽኑ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ይመስላል። በዚያ በኩል ላለማለፍ ዛሬ ውኃ ለመጠጣት በጓሮ ዞሬ ነው የሄድኩት።

አንዴውን ቀኑን ሙሉ ሠራሁበት። ንጹሕ ነው። ፈጣን ነው። አይደርቅም። ምንም የሚያናድድ ነገር ስላጣሁበት ተናደድኩ።

ከሰዓት አለቃ ጠራኝ። በሩን ዝጊው አለ። እንግዲህ ተባረርኩ ብዬ ቦርሳዬን ይዤ ነው የገባሁ።

"ማሽኑን ትችይዋለሽ?" አለኝ።

"የቱን ማሽን?"

"ስንት ማሽን አለን? ሽማግሌው ሲሠራ ሁልጊዜ ሥሩ ነሽ፣ አይተሽ አልለመድሽም? ከወሩ አንድ ጀምሮ ዲዛይኑንም ማሽኑንም አንቺ ያዢው። ቋሚ ትሆኛለሽ። ፕሮግራምሽን ብቻ ምረጪና ንገሪኝ።"

አመሰግናለሁ አልኩ። አፌ ራሱ ነው ያለው።

ቋሚ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ከአሥራ አንደኛ ክፍል የወጣሁ ነኝ፣ ቋሚ። ለእማ መንገር ነበረብኝ። ሮጬ ነበር መንገር የነበረብኝ። አልነገርኳትም። ኪስ ውስጥ የገባ ጠጠር ነው የሚመስለው።

11 ቀን።


ሰኞ 24

ደወልኩላቸው። አያነሱም። ምን ልላቸው እንደነበር አላውቅም። ደህና ነዎት ወይ ልል ነበር መሰለኝ። ደህና እንዳልሆኑማ አውቃለሁ።

ዲግሪው "ኪራዩን ምረጪ፣ አብረን እንሠራለን" አለኝ። ዛሬ ደግሞ ደግ ሆኗል። ደግነቱ አልጣመኝም።


ረቡዕ 26

አየኋቸው።

አለቃ ቀለም እንዳመጣ ላከኝ፣ ከጎማ ቤቱ ፊት ለፊት ሳልፍ መሰላል ላይ ናቸው። በብሩሽ! ግድግዳው ላይ የጎማ ቤቱን ስም እየጻፉ። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነው፤ ለካ ለሩቅ አያስፈልጋቸውም። አንድ ረጅም ቋሚ መስመር ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ወረዱ። ማስመሪያ የለ፣ ክር የለ። እኔ ያንን መስመር በሦስት ፕሮግራም አልደግመውም።

ዓይኑ ደክሟል የተባለ ሰው ነው ይሄ።

ጉልበታቸው ግን ይንቀጠቀጣል። በስንት ዓመታቸው መሰላል! አንድ እርከን ሲወርዱ በሁለት እጃቸው ነው የያዙት፣ ብሩሹን በጥርሳቸው ነክሰው።

የቆመ መኪና ኋላ ተደበቅሁ። እኔ! ከፊዚክስ አስተማሪ ጋር ደብተር የተጓተትኩት፣ መኪና ኋላ። ሹፌሩ መጥቶ "ማንን ነው የምትጠብቂው እህት?" ሲለኝ ጮህኩበት። ምን አደረገኝ እሱ?


ዓርብ 28፣ ማታ

ሁሉም ከወጣ በኋላ እኔና ዲግሪው ብቻ ቀረን። እሱ ኮምፒውተሩን እያጠፋ፣ እኔ አንዴው ላይ ስላለው የነጥብ ማጥፊያ እያማረርኩ። ድንገት ዞረና፦

"አንቺ ግን አይደክምሽም?" አለኝ።

"ምኑ?"

"ፕሮግራም መስደብ። እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ።"

"የት?"

"አታድርቂኝ። 'አይቻለሁ ይቁረጡት' ስትያቸው ሰምቻለሁ። 'እኔ እስክመለስ ማሽኑ ጋ ቁሚ' ሲሉሽም ሰምቻለሁ። አንቺ ደግሞ መጥተሽ ኪራዩ ይሻላል አንዴው ይሻላል እያልሽ እኔ ላይ ስትጮሂ ነበር። ማሽኑ ከኋላሽ ጭር ጭር ይላል፣ አንቺ ዞር ብለሽ አላየሽውም።"

ወንበር ልወረውርበት ነበር። ጎማ ያለው ስለሆነ ሸሸብኝ።

"ታዲያ አንተ ለምን አልተናገርክም?" አልኩት።

"አንቺስ?"

"አንተ ነህ ዓይን ይደክማል ያልከው!"

"አዎ" አለ። "እሱን ያልኩት እኔ ነኝ። ተናድጄ ነበር፣ ናሙናዬን ጥለሽብኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ደስ ይበልሽ።" ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። በሩን እንኳ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

እሺ። ቁሚ ብለውኛል። አልቆምኩም። አምስት ደቂቃ ብቆም የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ አየው ነበር፣ የማቆሚያ ቁልፉን እጫን ነበር፣ አንድ ክንድ ስቲከር ብቻ ነበር የሚበላሸው።

ግን ነጻው ባያጭበረብረኝስ? እሱም አለበት። ቢያንስ ግማሹ የሱ ነው። ኪራዩ ወይም አንዴው ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አያደርጉኝም ነበር። ይሄንን አረጋግጣለሁ።


እሑድ 30

የሱቁን ቁልፍ አለቃ ሰጥቶኛል፣ ቋሚ ነሽ ብሎ። ጠዋት ብቻዬን ገባሁ። ጨርቁን ከማሽኑ ላይ አነሳሁት።

ጋሼ ያስተማሩኝ ዘዴ አለ፤ ስቲከር ላለማባከን የምላጩን ማቀፊያ ፈትቶ እስክሪብቶ ማሰር። ማሽኑ እንደሚቆርጠው በወረቀት ላይ ይጽፈዋል። አሰርኩ።

ያችኑ አንዷን ፊደል በሦስቱም ሣልኳት። አንድ መስመር፣ ወፍራም፣ ጫፉ ክብ። ሆን ብዬ ወደ ቅርጽ አልለወጥኳትም። ልክ እንደዚያ ቀን። ለኪራዩ የዲግሪውን ኮምፒውተር ተጠቀምኩ፤ የይለፍ ቃሉ የራሱ ስም ነው፣ ምን ይደረጋል።

መጀመሪያ የነጻውን ላክሁ። ጭር፣ ጭር። ቀጭን መስመር። ይኸው! አልኩ ለብቻዬ፣ ጮክ ብዬ።

የአንዴውን ላክሁ። ጭር፣ ጭር። ቀጭን መስመር።

የኪራዩን ላክሁ። ጭር፣ ጭር። ቀጭን መስመር።

ወረቀቱን አውጥቼ መስኮት ላይ አስደግፌ አየሁት። ሦስት ቀጫጭን ፊደሎች፣ ጎን ለጎን። የቱ የማን እንደሆነ ስላልጻፍኩበት እኔው ራሴ ጠፋኝ። አገላበጥኩት። አይለይም።

አንደኛውም አላጭበረበረም። ሦስቱም የሠሩት የላክሁትን ነው።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

3 ቀን።


ሰኞ 1

ለአለቃ ነገርኩት።

ማታ ስለማመደው አድሬ ስገባ ሁሉም ጠፋብኝ። "አለቃ፣ ያን ቀን ማን አስነሳው ብለው ጠይቀው ነበር" አልኩ።

"እሱን ዘግተነዋል።"

"አልተዘጋም። ማን አየው ብለው አልጠየቁም። ጋሼ አይተሻል ወይ ብለውኝ አይቻለሁ ብያለሁ፣ አላየሁም። ማሽኑ ጋ ቁሚ ብለውኝ ጥዬ ሄጃለሁ። ዓይናቸው ምንም አልሆነም። መንገድ ላይ መሰላል ላይ ናቸው፣ ሄደው ይዩአቸው።"

"ሁለት ሳምንት ሙሉ?" አለ።

"ሁለት ሳምንት ሙሉ።"

"ዛሬ ምን ተገኘ?"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁለት። "ይሄ ምንድነው?" አለ። "ሦስቱ ፕሮግራሞች ናቸው" አልኩት። "የቱ የቱ ነው?" አለ።

"እሱን ነው የምልዎት።"

ከዚያ ጮኸ። ጮኸ ስል ውጭ ያለው ጥበቃ መጥቶ አየ። ስቲከሩን አነሳ፣ ክሊኒኩን አነሳ፣ ሽማግሌ ሰው ፊት አዋረድሽኝ አለ፣ እሱ ራሱ እንዳላዋረዳቸው ሁሉ። ያቺ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ዋጥኳት። "ልክ ነዎት" አልኩ። "ልክ ነዎት።" ሻይ ባይኖርም የእማ ዘዴ ይሠራል፤ ሰው ብቻውን ብዙ መጮህ አይችልም ለካ።

ደከመውና ተቀመጠ። አዲሱ ብርማ ጥቅልል ቅዳሜ ገብቷል፣ ክሊኒኩ የፊታችን ቅዳሜ ይከፈታል። "አንቺን ማሽን ላይ አላስቀምጥም" አለ። "ቋሚ ያልኩሽንም እርሺው። እሱ ከመጣ በሱ ሥር ትሠሪያለሽ። ነገ ሱቅ ሳልዘጋ እሺ ካላለ ግን ሥራውን ለሌላ የማስታወቂያ ቤት አስረክባለሁ፣ ማሽኑንም እሸጠዋለሁ፣ አንቺም ወደ ቤትሽ። እኔ ደውዬለት አያነሳም።"

ስወጣ ዲግሪው በር ላይ ነበር፣ ሰምቷል። አለፈኝና ገባ። "እኔም የምለው አለኝ" ሲል ሰማሁት።

ለእማ ነገርኳት። ሁሉንም። ጥርሷ መሃል የነበረውን መርፌ አወጣችና "ሁለት የግራ እጅጌ" አለች። ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ፣ በላሁ።


ማክሰኞ 2

ጋሼ፣

ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩ። እቤትዎ መጣሁ። ልጅዎ በሩን ከፍታ መሰላል ይዘው ወጥተዋል፣ አሥር ሰዓት ላይ ይመለሳሉ፣ ስልካቸውን ከዚያ ቀን ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ነው የከተቱት አለችኝ። ልጅዎ እንደርስዎ ናት፣ በዓይኗ ነው የምትቆጣው። ስለዚህ ይሄንን በራችሁ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ነው። ደብተሩን ለሷ እሰጣታለሁ። ሠላሳ ቀን ሞልቷል፣ አንብበው ይፈርዳሉ ብለውኝ አልነበር? ይፍረዱ።

ገጽ አይዝለሉ። ከ17 በኋላ ያለው ያናድድዎታል። ትናንት ልቀደው ነበር፣ ጫፉን ይዤው ነበር፤ ተውኩት። የፊዚክስ ደብተሩንም የቀደድኩት እኔ ነኝ። አስተማሪው ይዞት ብቻ ነበር።

"አይቻለሁ" ያልኩዎት ውሸት ነው። "ሳላይ" ብለው ለአለቃ ሲመልሱ የኔን ነው የተሸከሙልኝ፣ እኔ ደግሞ አሸከምኩዎት። ይቅርታ የሚለውን በአፌ ነው የምልዎት፣ እዚህ አልጽፈውም፤ ጽፌ የተገላገልኩት ይመስልብኛል።

ምርጫዬን ለአለቃ ነግሬዋለሁ። ነጻው ነው። ለፕሮግራም መግዣ ያሰበውን ለተበላሸው ጥቅልል ያድርገው። ደግሞ ለወፉ ክንፍ ዘጠኝ ነጥብ የፈጀው እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ፤ ትናንት በሦስት ሠራሁት። ጢሙን ጎተት አድርጌ።

የክሊኒኩን ፊደሎች በሙሉ ወደ ቅርጽ ለውጫቸዋለሁ። አጥንታቸውንም አይቻለሁ፣ አንድ በአንድ፣ ሁለቴ። ግን የኔ ማየት ምን ዋጋ አለው አሁን? እርስዎ ካላዩት ማሽኑን ማንም አይነካውም፤ ጨርቁን መልሼ አልብሼዋለሁ።

አለቃ ሱቁን ሲመሽ ይዘጋል። የሌላኛው ቤት ሰውዬ ጥቅልሉን ሊወስድ የሚመጣው ያኔ ነው። በሩ ላይ ቆሜ አላስገባም ልለው እችላለሁ፣ ያውቁኛል፤ ግን ጮኼ የትም አልደረስኩም እስካሁን። መቆጣት ከፈለጉ ደውለው ይቆጡኝ፣ አፌን ዘግቼ እሰማለሁ። አልመጣም ማለት ከፈለጉም እርስዎ ራስዎ ይበሉኝ፣ በዝምታ አይደለም። ክብሪት ብለው ይጥሩኝ፣ ዲግሪው ፊት ይጥሩኝ።

ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው ጋሼ። መነጽርዎን ያውርዱና ያውጡት። ሳይመሽ ይደውሉልኝ። ሰሙኝ? ሳይመሽ!